የሙያ ሥልጠናን ከአካባቢው የሥራ ገበያ ጋር ማገናኘት፦ አምስት አደረጃጀቶች ሲነጻጸሩ

አንድ ትምህርት ቤት የሙያ ዘርፍ ሊከፍት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ማሽን ነው። በጀት ተገኘ፣ ለጋሽ ተገኘ፣ ወይም የአንድ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ በስብሰባ ላይ «ባለሙያ አጣን» ብሎ ተናገረ፤ ወዲያው የብየዳ ማሽን ይገዛል፣ ክፍል ይለቀቃል፣ ሰልጣኝ ይመዘገባል። በአካባቢው በዓመት ስንት በያጅ ይቀጠራል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን የሥልጠና ማስረጃቸውን ይዘው በር ማንኳኳት ከጀመሩ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ማሽኑም ተገዝቷል፣ መምህሩም ተቀጥሯል፤ ወደኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለርእሰ መምህራን፣ ለሥልጠና ተቋም ዲኖች፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና ለወላጅ ኮሚቴዎች ነው። ፊታቸው የሚቀርበው አማራጭ በየአገሩ ስሙ ቢለያይም በመሠረቱ አምስት ነው፦ በትምህርት ቤቱ ግቢ የሚደራጅ ዎርክሾፕ፣ ከድርጅቶች ጋር የሚሰጥ የትብብር ሥልጠና፣ የበርካታ ትምህርት ቤቶች የጋራ ማዕከል፣ የሙያ አካዳሚ፣ እና ለተወሰነ ቀጣሪ የሚዘጋጅ አጭር ሥልጠና። ከአምስቱ «ምርጡ» የሚባል የለም። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በአካባቢው በየዓመቱ የሚከፈተው የሥራ ቦታ ብዛትና ሙያው የሚለወጥበት ፍጥነት።

## መጀመሪያ መስፈርቱ

የምንለካባቸው ነገሮች ስድስት ናቸው። እኩል ክብደት የላቸውም፤ የመጀመሪያው ከተሳሳተ ሌሎቹ አምስቱ ቢያምሩም አያድኑም።

የሥራ ቦታ ብዛት። እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ተገቢ ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው በሐቀኝነት መሥራቱ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከትምህርት ቤቱ በመደበኛ ትራንስፖርት አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ውስጥ 300 የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሠራተኞች አሉ እንበል። በዓመት ከ100 ሠራተኛ 4ቱ ሙያውን ቢለቁ (በጡረታ፣ በሕመም፣ ሌላ ሥራ በመያዝ ወይም አካባቢውን በመልቀቅ) 12 ቦታ ይከፈታል። የግንባታው ሥራ በዓመት በ2 በመቶ ቢያድግ 6 ይጨመራል፤ ድምሩ 18 ሆነ። አሁን ደግሞ ቀንሱ። ሌላ ተቋም በየዓመቱ 8 ያስመርቃል። በባለሙያ ሥር ሆነው እያዩ የለመዱ 5 ይገባሉ። የቀረው 5 ቦታ ነው። እናንተ በየዓመቱ 25 ሰልጣኝ የሚያስመርቅ ክፍል ከከፈታችሁ በ3 ዓመት 75 ሰው ለ15 ቦታ ይሻማል ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት ከድርጅት ወደ ድርጅት የሚደረገውን ዝውውር እንደ አዲስ ቦታ መቁጠር ነው። አንድ መካኒክ ከአንዱ ጋራዥ ወጥቶ ሌላው ጋ ሲገባ የሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፤ የመካኒኮች ቁጥር ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። ስለዚህ ማስታወቂያ ብቻ ቆጥሮ መወሰን ቁጥሩን ያሳብጣል። በሌላ በኩል ትናንሽ ድርጅቶች ማስታወቂያ አያወጡም፤ ሰው በሰው ነው የሚቀጥሩት። የእነሱን ፍላጎት በእግር ዞሮ ከመጠየቅ ሌላ ማወቂያ መንገድ የለም።

ሲጠየቁም «ምን ዓይነት ባለሙያ ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ አይጠየቅም። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ቀጣሪ «ሥነ ምግባር ያለው፣ ትጉህ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ እውነት ቢሆንም ሥርዓተ ትምህርት አይወጣውም። የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው፦ ባለፉት 12 ወራት ስንት ሰው ቀጠራችሁ? የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ከየት አገኛችኋቸው? ከመቅጠራችሁ በፊት በምን ፈተናችኋቸው? በመጀመሪያው ሳምንት ምን መሥራት አቃታቸው? በስንት ደመወዝ ጀመሩ? ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ አሉ? የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ በተለይ መመዝገብ አለበት። ሠራተኛ አጣሁ የሚል ቀጣሪ ደመወዙን ለዓመታት ካልጨመረና የቀጠራቸው ሰዎች በሦስት ወር ውስጥ ጥለውት የሚሄዱ ከሆነ ችግሩ የሥልጠና እጥረት አይደለም። እዚያ ቦታ ልጆችን አሰልጥኖ መላክ የሚፈስ ጋን ውስጥ ውኃ መቅዳት ነው።

ይህን ቆጠራ በሕግ ያሰረ አገርም አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀውና በተለምዶ «ፐርኪንስ አምስት» የሚባለው ሕግ ለሙያ ትምህርት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ወረዳዎችና ኮሌጆች የአካባቢያቸውን ፍላጎት እንዲገመግሙ፣ ግምገማውንም ቢያንስ በየ2 ዓመቱ እንዲያድሱ ያስገድዳል። በጀቱ የሚጠየቀው በግምገማው ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ያለ ሕግ አስገዳጅነትም ሊከተሉት የሚገባ ነው።

ሙያው የሚለወጥበት ፍጥነት። ግንበኝነት፣ የቧንቧ ሥራና መሠረታዊ ብየዳ በዝግታ ይለወጣሉ፤ ዛሬ የተገዛ ዕቃ ከ10 ዓመት በኋላም ያስተምራል። የተሽከርካሪ ኤሌክትሮኒክስ፣ የኔትወርክ ሥራና በኮምፒውተር የሚታዘዙ ማሽኖች ግን ከዚያ በፊት ያረጃሉ። ፈጣን ለውጥ ባለበት ሙያ ዕቃውን ራስ ከመያዝ ዕቃው ካለበት ድርጅት ጋር መሥራት ያዋጣል።

ዓመታዊ የፍጆታ ወጪ። ማሽን የሚሰጥ ለጋሽ ይገኛል፤ ፍጆታ የሚሰጥ ግን ብዙም የለም። ብየዳን በቅርበት እንየው። 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በአንድ ደቂቃ አካባቢ ነድዶ ያልቃል። ሰልጣኙ ከአንድ ሰዓት ልምምድ ውስጥ ሩቡን ብቻ እሳት ቢያነድድ (የቀረው ብረት ማዘጋጀት፣ ጥቀርሻ ማራገፍና ማየት ነው) በሰዓት 15 ኤሌክትሮድ ይፈጃል። 10 የብየዳ ቦታ ያለው ዎርክሾፕ በሳምንት 10 ሰዓት ቢሠራ 1,500 ኤሌክትሮድ ይሆናል። በ5 ኪሎው ፓኬት ውስጥ ወደ 140 ዘንግ ቢገባ በሳምንት 11 ፓኬት ገደማ፣ በ30 ሳምንት ከ300 ፓኬት በላይ ነው። በዚህ ላይ ቁርጥራጭ ብረት፣ የግራይንደር ድንጋይ፣ ጓንትና የማስክ መስታወት አለ። ይህ በጀት ካልተያዘ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ በሁለተኛው ወር ኤሌክትሮዱ ያልቃል፣ ትምህርቱ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ይመለሳል፣ ሰልጣኙ እጁ ሳይፈታ ይመረቃል።

አሰልጣኝ። ጥሩ ባለሙያ በኢንዱስትሪው የሚያገኘው ክፍያ ከመምህርነት ደመወዝ ከበለጠ አይመጣም፤ ቢመጣም አይቆይም። ቋሚ መምህር ብቻ ከመቅጠር ይልቅ በሰዓት የሚከፈለው የድርጅት ባለሙያ ማከል ይቻላል ወይ? ቋሚው መምህርስ በየዓመቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ድርጅት ውስጥ ገብቶ ይሠራል ወይ? ሁለቱም መልስ «አይ» ከሆነ ሥልጠናው መምህሩ ኢንዱስትሪውን በለቀቀበት ዓመት ላይ ቆሞ ይቀራል።

ማስረጃው እስከ የት ያደርሳል። ምሩቁ ማስረጃውን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ፣ ወይም ኮሌጅ ልግባ ቢል ይቀበሉታል? ሥልጠናው ለአካባቢው ሥራ ይዘጋጅ ማለት ልጁ አካባቢው ላይ ይታሰር ማለት አይደለም። አገሮችን ያነጻጸሩ ጥናቶች እንደሚጠቁሙት የሙያ ትምህርት የተማሩ ወጣቶች መጀመሪያ ላይ ሥራ ቶሎ ያገኛሉ፤ ዕድሜያቸው ሲገፋና ቴክኖሎጂው ሲለወጥ ግን ይህ ጥቅም ሊሸረሸር ይችላል። ሒሳብን፣ ማንበብንና መጻፍን ከሙያው ጎን አጠንክሮ መስጠት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የመዝጊያ ወጪ። ፍላጎቱ ቢቀንስ ምን ይቀራል? በሲሚንቶ ተተክሎ ሦስት ፌዝ ኃይል የተዘረጋለት ማሽንና ከድርጅት ጋር የተፈረመ የአንድ ዓመት ውል እኩል አይዘጉም።

## በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለ ዎርክሾፕ

ብዙዎች ሳያወዳድሩ የሚመርጡት ይህንን ነው፤ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ለጎብኚ ይጠቅማል። ጥንካሬው ልምምዱ ሙሉ በሙሉ በትምህርት ቤቱ እጅ መሆኑ ነው። ሰልጣኙ ተሳስቶ መድገም ይችላል፤ ድርጅት ውስጥ ይህ ዕድል ጠባብ ነው፣ የደንበኛ ሥራ ነውና። ዕድሜያቸው ለአደገኛ ሥራ ያልደረሰ ልጆችንም ደረጃ በደረጃ ለማስጀመር ከሌሎቹ የተሻለ ነው።

ድክመቱ ከሥራው ዓለም መራቁ ነው። ይህን ለመድፈን አማካሪ ቦርድ ይቋቋማል፤ ቦርዱም ብዙ ጊዜ ከወረቀት አያልፍም። ምክንያቱ አባላቱ ናቸው። የሰው ኃይል ኃላፊ ወይም የድርጅቱ ባለቤት ሲቀመጥ ንግግሩ ስለ አገር ልማት ይሆናል። ፎርማን ሲቀመጥ ግን «ልጆቻችሁ ሜትር ማንበብ ይችላሉ፤ የሥራ ሥዕል ማንበብ ግን አይችሉም» ብሎ ይናገራል። ቦርዱ ከ7 እስከ 10 አባላት ቢኖሩት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእጃቸው የሚሠሩ ወይም በቀጥታ የሚያሠሩ ቢሆኑ፣ በዓመት 3 ጊዜ ዎርክሾፑ ውስጥ (አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን) ቢሰበሰብ ይሠራል።

የሥርዓተ ትምህርቱን ይዘት ለማውጣት ደግሞ «ዳካም» የሚባለው ዘዴ አለ፤ ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ነው። ከ5 እስከ 12 የሚሆኑ ጥሩ ሠራተኞች ከአንድ አወያይ ጋር ለ2 ቀን ያህል ይቀመጡና የሥራቸውን ዋና ዋና ኃላፊነቶች፣ በእያንዳንዱ ሥር ያሉትን ተግባራት እያንዳንዳቸውን በካርድ ላይ እየጻፉ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ትልቅ ወጪ የለውም። አስተማሪዎች በዚያ ክፍል ውስጥ ሲኖሩ ማዳመጥ ብቻ ነው ድርሻቸው፤ መናገር ከጀመሩ የሚወጣው ዝርዝር ቀድሞ የሚያስተምሩት ይሆናል።

## የትብብር ሥልጠና

ሰልጣኙ የሳምንቱን የተወሰኑ ቀናት ትምህርት ቤት፣ የቀሩትን ድርጅት ውስጥ ያሳልፋል። በስፋት የሚጠቀሰው የጀርመን ሥርዓት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣ የሙያ ሥልጠና ሕግ የተደገፈ ሲሆን ሰልጣኞች በአብዛኛው በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን በድርጅት፣ 1 ወይም 2 ቀን በትምህርት ቤት ይውላሉ፤ እንደ ሙያው ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ሰልጣኙም ይከፈለዋል። ኖርዌይ በአመዛኙ 2 ዓመት በትምህርት ቤት አስተምራ ከዚያ 2 ዓመት ወደ ድርጅት ትልካለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 በጀመረችው «ቲ ሌቭል» ደግሞ ድርሻው ያነሰ ነው፤ አብዛኛው ትምህርት በክፍል ሆኖ ቢያንስ 315 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 45 ቀን፣ በሥራ ቦታ ይውላል። ሦስቱ አንድ ዓይነት ነገር እንዳልሆኑ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የ45 ቀኑን ለማስተባበር የሚበቃ ቢሮ የአራት ቀኑን ሊሸከም አይችልም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዕቃው የድርጅቱ ነው፣ ሁልጊዜም አሁን ሥራ ላይ ያለው ነው። ድርጅቶች የሚቀበሉት የሰልጣኝ ቁጥር ራሱ የገበያ መለኪያ ይሆናል፤ ቦታ የለንም ካሉ ፍላጎት የለም ማለት ነውና ቆጠራው በራሱ ይስተካከላል። ከአምስቱ አማራጮች ይህን ጠባይ የያዘ ሌላ የለም፤ እኔ በግሌ ትልቁ ብልጫው ይህ ነው እላለሁ።

የሚበላሸው ግን በቀላሉ ነው፤ አበላሹም ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሰልጣኙ ድርጅት ሲደርስ ተቀባይ ሰው የለም። የመጀመሪያው ሳምንት መጥረግ፣ ሁለተኛው ዕቃ ማቀበል፣ ሦስተኛው እንደገና መጥረግ ይሆናል። የሥልጠና መዝገቡ ላይ ግን «ሞተር ፈታ፣ ቫልቭ አስተካከለ» ተብሎ በወሩ መጨረሻ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ ይፈረማል። መዝገቡን ያየ ሰው ሊያውቀው ይችላል፦ የአራቱም ሳምንት የእጅ ጽሑፍ ቀለም አንድ ነው፤ ወረቀቱም ላይ የግሪስ አሻራ የለም።

ይህን የሚከላከሉ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከመላክ በፊት ድርጅቱ የትኞቹን ተግባራት ማሠራት እንደሚችል ከሙያው የተግባራት ዝርዝር ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከዝርዝሩ 60 በመቶ የማይሞላ ከሆነ ሰልጣኙ በሁለት ድርጅት እንዲዘዋወር ይደረጋል። ሁለተኛ፣ በድርጅቱ ውስጥ በስም የተጠቀሰ አንድ አሠልጣኝ ይኖራል፤ ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን አጠገቡ የሚሠራ ሰው። ሦስተኛ፣ የትምህርት ቤቱ አስተባባሪ በየ3 ሳምንቱ በአካል ሄዶ ሰልጣኙ ሲሠራ ያያል፤ አንድ አስተባባሪ በአግባቡ ሊከታተል የሚችለው ከ25 እስከ 30 ሰልጣኝ ነው። አራተኛ፣ ቁጥሩ ይገደባል። በጀርመን የተለመደው መለኪያ 1 ወይም 2 ባለሙያ ላለው ድርጅት 1 ሰልጣኝ፣ ከ3 እስከ 5 ላለው 2፣ ከ6 እስከ 8 ላለው 3 የሚል ነው። 4 ሠራተኛ ያለው ጋራዥ 8 ሰልጣኝ ሲቀበል ካያችሁ የሚፈልገው ነፃ ጉልበት ነው።

ዕድሜና ደህንነትም መታለፍ የለባቸውም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ቁጥር 138 ስምምነት አደገኛ ሥራን ከ18 ዓመት በታች ላሉ ይከለክላል፤ በቂ ሥልጠናና ጥበቃ ካለ ብቻ ከ16 ዓመት ጀምሮ ሊፈቀድ የሚችልበትን በር ይተዋል። የጉዳት መድን ማን እንደሚገባ (ትምህርት ቤቱ ወይስ ድርጅቱ) ከመጀመሪያው ቀን በፊት በጽሑፍ መታወቅ አለበት። ጣት ከተቆረጠ በኋላ የሚደረግ ድርድር ለማንም አይበጅም።

አካባቢው ትናንሽ ድርጅቶች ብቻ ያሉት ከሆነስ? ስዊዘርላንድ ለዚህ ያላት መፍትሔ ጥሩ ትምህርት ነው። በርካታ ድርጅቶች ኅብረት ፈጥረው አንድን ሰልጣኝ ይካፈላሉ፤ አንዱ ያልቻለውን ሌላው ያሳያል፤ ወረቀቱንና ውሉን የሚይዘው ኅብረቱ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ከትምህርት ቤቱና ከድርጅቱ ውጭ በሦስተኛ ቦታ፣ በሙያ ማኅበራት በሚዘጋጁ ኮርሶች መሠረታዊ ክህሎት ይሰጣል።

## የጋራ ማዕከል

አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ሊሞላው የማይችለውን ክፍል አምስትና ስድስት ትምህርት ቤቶች አብረው ይሞሉታል። ኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የትምህርት ወረዳዎች አገልግሎት የሚካፈሉበትን ሥርዓት በሕግ አቋቁማለች፤ የሙያ ትምህርት ማዕከላትም በዚህ ሥር ይሠራሉ። ውድ ዕቃ ለሚጠይቁ ዘርፎች የማይተካ ነው።

አደጋው መንገዱ ላይ ነው። ተማሪው በየቀኑ ለ4 ሰዓት ይለቀቃል እንበል፤ 240 ደቂቃ። መሄጃና መመለሻው 35፣ 35 ደቂቃ ቢሆን 70 ተቀነሰ። ልብስ መቀየርና ዕቃ መረከብ 15፣ ማጽዳትና ማስረከብ 15። የቀረው 140 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት 5 ቀን 700 ደቂቃ። በዚያ ፈንታ በሳምንት 2 ሙሉ ቀን፣ በቀን 7 ሰዓት፣ ከቤቱ በቀጥታ ወደ ማዕከሉ ቢሄድ 780 ደቂቃ ይሠራል። ከመደበኛ ትምህርቱ የሚወሰደው ጊዜ ከ1,200 ደቂቃ ወደ 840 ወርዶ የተግባር ጊዜው ጨመረ ማለት ነው። ማዕከል ሲቋቋም ከሕንጻው በፊት የጊዜ ሰሌዳው መሠራት ያለበት ለዚህ ነው።

ሌላው ነጥብ የአስተዳደር ነው። ወጪው በሰልጣኝ ቁጥር ብቻ ከተከፈለ አንዱ ትምህርት ቤት ሲወጣ የሌሎቹ ዕዳ ይጨምራል። ግማሹ በቋሚ ድርሻ፣ ግማሹ በሰልጣኝ ቁጥር ቢሆን ይረጋጋል።

## የሙያ አካዳሚ

ይህ አንድን ሥራ አያሰለጥንም። ከ150 እስከ 200 የሚሆኑ ተማሪዎች በአንድ ሰፊ ዘርፍ ዙሪያ (ጤና፣ ግንባታ፣ ፋይናንስ) በአንድ ቡድን ለበርካታ ዓመታት አብረው ይማራሉ፤ ሒሳቡም ቋንቋውም ምሳሌውን ከዘርፉ ይወስዳል፤ ቀጣሪዎች ለጉብኝትና ለአጭር ልምምድ በራቸውን ይከፍታሉ። የመጀመሪያው ፊላደልፊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 ተከፈተ። ስለ ውጤቱ በዕጣ የተመደቡ ተማሪዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ፦ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱ በኋላ ባሉት 8 ዓመታት በአማካይ 11 በመቶ ከፍ ያለ ገቢ ነበራቸው፤ ጥቅሙ በተለይ በወንዶቹ ላይ ጎልቶ ታይቷል፤ የፈተና ውጤታቸው ግን አልጨመረም። ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ለአካባቢው የዛሬ ክፍት ቦታ ፈጣን መልስ ግን አይደለም፤ ነገ ጠዋት 20 ብረት በያጅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ አያገኝም።

## ለአንድ ቀጣሪ የሚዘጋጅ አጭር ሥልጠና

ከ8 እስከ 16 ሳምንት የሚቆይ ነው። አዲስ ፋብሪካ ሊከፈት ሲል፣ ወይም የአንድ ሥራ ፍላጎት በድንገት ሲመጣ ከሌሎቹ ይፈጥናል። ሁለት ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ቀጣሪው ስንት ሰው፣ በምን ደረጃ፣ በምን ደመወዝ፣ መቼ እንደሚቀጥር በጽሑፍ ይፈርማል፤ ከወጪውም ይካፈላል። ገንዘብ ያላወጣ ቀጣሪ ሐሳቡን ለመለወጥ ምንም አይከለክለውም። ሁለተኛው፣ ሥልጠናው ራሱን የቻለ ሞጁል ሆኖ ወደ ሙሉ የሙያ ደረጃ የሚቆጠር መሆን አለበት፤ አለዚያ ፋብሪካው ሲዘጋ ሰልጣኙ የሚያሳየው ወረቀት የማንም አይሆንም። ለዋና ሥርዓትነት አይበቃም፤ ከሌላ ጋር ተደርቦ ግን ይጠቅማል።

## በአንድ እይታ

| አደረጃጀት | የሚመቸው የሥራ ቦታ ብዛት በዓመት | የመነሻ ወጪ | ዓመታዊ ወጪ | ለለውጥ ያለው ፍጥነት | የሚበላሽበት ቦታ |
|---|---|---|---|---|---|
| የግቢ ዎርክሾፕ | ከ15 በላይ፣ ለዓመታት የማይዋዥቅ | ከፍተኛ | ከፍተኛ (ፍጆታ) | ዝግተኛ | በጀት ያጣ ፍጆታ፣ ከሥራ የራቀ መምህር |
| የትብብር ሥልጠና | ከ3 ጀምሮ፣ ፈቃደኛ ድርጅት ካለ | ዝቅተኛ | መካከለኛ (አስተባባሪ፣ መድን) | ፈጣን | ነፃ ጉልበት፣ የሐሰት መዝገብ |
| የጋራ ማዕከል | በአካባቢው ሁሉ ድምር ከ15 በላይ | እጅግ ከፍተኛ፣ በጋራ | መካከለኛ | መካከለኛ | ትራንስፖርት፣ የወጪ ክፍፍል |
| የሙያ አካዳሚ | ሰፊ ዘርፍ፣ ቁጥር አይወስነውም | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከመደበኛው ትምህርት የማይለይ መሆን |
| አጭር ሥልጠና | ቀጣሪው የፈረመው ቁጥር ብቻ | ዝቅተኛ | በየዙሩ የሚለያይ | እጅግ ፈጣን | አንድ ቀጣሪ ላይ መንጠልጠል |

በሠንጠረዡ ያሉት የቁጥር ወሰኖች ሕግ አይደሉም፤ ከአንድ ክፍል በዓመት ቢያንስ 15 ሰው ተመርቆ ሥራ ካልያዘ የቋሚ መምህርና የማሽን ወጪ ለመሸከም ስለሚከብድ የተቀመጡ የሥራ መነሻዎች ናቸው።

## ለየትኛው አካባቢ የትኛው

ትናንሽ ድርጅቶች ብቻ ያሉባት ከተማ ሆና በጀቱ ጠባብ ከሆነ፦ የትብብር ሥልጠና በድርጅቶች ኅብረት። ማሽን አትግዙ። ገንዘቡን ለአንድ ጠንካራ አስተባባሪ፣ ለትራንስፖርቱና ለመድኑ አውሉት። በዓመት አንድን ሙያ ለ5 ሰው ብቻ መክፈት አያሳፍርም፤ አራት ሙያ ለአምስት አምስት ሰው ከፍቶ ንድፈ ሐሳቡንና ሒሳቡን በጋራ ክፍል ማስተማር ይቻላል።

አንድ ትልቅ ፋብሪካ የሚመራው አካባቢ ከሆነ ፈተናው ሌላ ነው። ፋብሪካው ሁሉን ያቀርባል፤ ዕቃ፣ ባለሙያ፣ አንዳንዴም ሕንጻ። ተቀበሉ፤ ነገር ግን ሥርዓተ ትምህርቱን ለፋብሪካው ማሽን ሳይሆን ለሙያው ጻፉት። ማሸጊያ ማሽን ጠጋኝ ከማሰልጠን የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክና ሜካኒክ ጥገና አሰልጥኖ ልምምዱን በማሸጊያ ማሽኑ ላይ ማድረግ ይሻላል። ልዩነቱ የሚታየው ፋብሪካው ሥራ የቀነሰ ቀን ነው።

ትምህርት ቤቶች ተቀራርበው ባሉበትና ዘርፉ ውድ ዕቃ በሚጠይቅበት (የማሽን ሥራ፣ የማቀዝቀዣ ጥገና፣ የተሽከርካሪ ምርመራ) የጋራ ማዕከል ያዋጣል፤ ሰሌዳው ሙሉ ቀን ከሆነ። ወጣቱ በብዛት ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድበት አካባቢ ደግሞ የአካባቢውን ክፍት ቦታ ብቻ መቁጠር ያሳስታል። የሚሄዱበትን ከተማ ፍላጎትም ቁጠሩ፤ አገር አቀፍ ተቀባይነት ያለው ምዘና የሌለውን ዘርፍ ግን አትክፈቱ። ተማሪዎቹ ገና 14 እና 15 ዓመት ከሆኑ አካዳሚውን አስቀድሙ፤ በዚህ ዕድሜ ልጅን በአንድ ጠባብ ሥራ መወሰን ለቀጣሪው እንጂ ለልጁ አይጠቅምም።

ዎርክሾፑ ቀድሞ የተገዛላችሁም ብዙ ናችሁ። መሸጥ አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ዓመት መሠረታዊ ልምምድ በዎርክሾፑ፣ ሁለተኛውን በትብብር ሥልጠና ማድረግ ፍጆታውን ይቀንሳል፣ ለድርጅቶቹም ቢያንስ መፍቻ አያያዝ የሚያውቅ ሰልጣኝ ያደርሳል። ማታ ማታ ደግሞ በሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች ክፍሉን በክፍያ መክፈት የኤሌክትሮዱን ወጪ በከፊል ይሸፍናል።

## ከተመረጠ በኋላ የሚለካው

የትኛውም ቢመረጥ ምሩቃኑን መከታተል ግድ ነው። በምረቃው ቀን የራሱን ስልክና የአንድ ቅርብ ዘመድ ስልክ መዝግቡ፤ ቁጥር ይለወጣል፣ ዘመድ ግን አይጠፋም። በ6ኛውና በ18ኛው ወር ደውላችሁ አምስት ነገር ጠይቁ፦ እየሠራህ ነው? በተማርከው ሙያ ነው? ስንት ይከፈልሃል? ከተማርከው ምኑን ተጠቀምክበት? ምን ጎደለህ? ከ10 ምሩቃን ቢያንስ 6 እስኪመልሱ መደወል ነው፤ ስልክ የሚያነሱት ሥራ ያገኙት ብቻ ሊሆኑ ስለሚችሉ በጥቂት መልስ ላይ መመሥረት ያታልላል።

የመዝጊያውን ደንብ ደግሞ ክፍሉ ሲከፈት ጻፉት፤ በኋላ መምህርም ወላጅም ስለሚቃወም አይወሰንም። ለምሳሌ፦ በሁለት ተከታታይ ዙር ከግማሽ በታች የሆኑት ብቻ በሙያው ሥራ ከያዙ የሚቀጥለው ዓመት ቅበላ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሦስተኛው ካልተሻሻለ አዲስ ቅበላ ይቆማል፣ ውስጥ ያሉት ግን እስኪጨርሱ ይማራሉ። መምህሩ ወደ የትኛው ተዛማጅ ዘርፍ እንደሚዛወር፣ ማሽኑ ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚተላለፍ በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር።